በሦስት ወንበር የተቀመጡ ሰው

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር፤ ቶንጎ



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የመጨረሻውን ክፍል ተማሪዎች ወክዬ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከሁሉ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በእንዲህ ያለው ቀን ከተማሪ የሚጠበቀው ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር ነው። ነገር ግን የትምህርት ጥቅም እንዲሁ በደፈናው ሲነገር ጆሮ ሰምቶት ያልፋል፤ በአንድ ሰው ሥራ ላይ ሲታይ ግን ልብ ይይዘዋል። ስለዚህ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ምን እንደሚያስተምረን ላስረዳችሁ መረጥሁ። ሰውየውም አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ናቸው።

እርሳቸውን የመረጥሁበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፤ የተወለዱት ከእኛ ብዙ በማይርቀው፣ ቦጂ በተባለው በምዕራብ ወለጋ ባለው አገር ነው። ሁለተኛ፤ እኔና ከመካከላችን ብዙዎቹ እንዳደረግነው ሁሉ ትምህርታቸውን የጀመሩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይበልጣል። እኒህ ሰው በአንድ ዕድሜ ውስጥ በመንግሥት የገንዘብ መሥሪያ ቤት፣ በዓለም ባንክ፣ በመጨረሻም በአክሲዮን ኩባንያ መሪነት ሠርተዋል። በሦስቱም ስፍራ በእጃቸው ያለፈው ገንዘብ የሌላ ሰው ገንዘብ ነበረ። እንግዲህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሌላውን ሰው ገንዘብ ሊይዝ የሚገባው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ይህ ጥያቄ ለቶንጎ ሰው ሩቅ አይደለም። አገራችን ቡና ያበቅላል፤ የቤንሻንጉል ወርቅም ከአፄ ምኒልክ ዘመን አስቀድሞ ስሙ የታወቀ ነው። ቡና የሸጠ ገበሬና ወርቅ ያጠበ ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያኖር ሁልጊዜ ይጨነቃል። ከመሬት ቢቀብረው ምስጥ ይበላዋል፤ ከቤት ቢያስቀምጠው ሌባ ወይም እሳት ይደርስበታል፤ ለዘመድ ቢሰጠው ዘመድና ገንዘብ አብረው ይጠፉበታል። አባቶቻችንም ለዚህ ችግር መፍትሔ ሳያበጁለት አልቀሩም። ዕቁብ የሚባለው ማኅበር ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ የሰበሰበውን ይቈጥራል፤ ዕጣ ያወጣል፤ ዋስ ይጠይቃል። ባንክ ማለትም በመሠረቱ የሰፋ ዕቁብ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ልዩነቱ በዕቁብ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፤ በባንክ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች በመዝገብና በሕግ ይተማመናሉ።

የባንክ ታሪክ በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረ በአጭሩ ልግለጽ። የመጀመሪያው ባንክ የአቢሲኒያ ባንክ ሲሆን በአዲስ አበባ የተመረቀው በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. ነው። አስተዳዳሪው ግን መቀመጫው በካይሮ የነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበረ። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ስለ ነበር ይህ ባንክ በጎሬና በጋምቤላም ሠራተኞቹን አኑሮ ነበር። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ባንኩን በካሣ ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አሰኘው፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ግን ይህ ባንክ ተዘጋ። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ በ1937 ዓ.ም. ሐምሌ ወርም የኢትዮጵያን ብር በራሱ ስም አወጣ። ሆኖም የባንኩ የመጀመሪያ ገዥ የውጭ አገር ሰው ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባንኩ ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲሆኑ ግን የመጀመሪያውን አቶ ምናሴ ለማ፣ ሁለተኛውን አቶ ተፈራ ደገፌ መሩት። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ከ1898 እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ያለው ጊዜ 58 ዓመት ነው። አገራችን የባንክ ቤት ለመሥራት የድንጋይና የኖራ ችግር አልነበረባትም። የቸገራት የተማረ ሰው ነበረ። በዚያ ዘመን «የተማረ ይግደለኝ» ይባል የነበረውም በከንቱ አይደለም።

አቶ ቡልቻ የተወለዱት በ1922 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በወለጋ ገጠር የተወለደ ልጅ ዕጣው ከብት መጠበቅና ማረስ ነበረ። እርሳቸው ግን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ተነሥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሩ፤ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ልብ በሉ፤ ያ ዘመን ይህ የእኛም አገር በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ይቈጠር የነበረበት ዘመን ነው። ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ለሚሄድ ሰው መኪና መንገድ ገና ብርቅ ነበረ።

ከትምህርታቸው በኋላ የተቀመጡበት የመጀመሪያው ወንበር የገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ በዚያም እስከ ምክትል ሚኒስትርነት ደረሱ። በዚያ ዘመን የገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ ምን ነበረ? የአገሪቱን ገቢ መሰብሰብና ለየመሥሪያ ቤቱ ማካፈል ነበረ። ሐኪም ቤት መድኃኒት ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል፤ ጦር ሠራዊት ስንቅ ይፈልጋል፤ መንገድ ሠሪ ማሽን ይፈልጋል። የሚጠይቀው ሁሉ እውነቱን ነው፤ ያለው ገንዘብ ግን ለሁሉ አይበቃም። ስለዚህ የገንዘብ ሚኒስቴር ሹም ከሚናገራቸው ቃላት መካከል ከሁሉ የሚከብደው «የለም» የሚለው ነው። ለባለሥልጣን «የለም» ማለት የሚችለውም መዝገቡ ንጹሕ የሆነ ሰው ብቻ ነው።

ገቢው ሳይበቃ ሲቀር መንግሥት ይበደራል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ የተበደረችው ገንዘብ ባንኩ ለአፍሪካ ካበደረው የመጀመሪያው ነው፤ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮኑ ለልማት ባንክ ነበረ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በአውቶቡስ የሚመጣ ተማሪ እንዲህ ያለ መንገድ በብድር እንደ ተጀመረ፣ ብድሩንም የከፈለው ቡና የሸጠው የኢትዮጵያ ገበሬ መሆኑን ቢያስብ መልካም ነው።

ሁለተኛው ወንበር በዋሽንግተን ነበረ። አቶ ቡልቻ በዓለም ባንክ የዳይሬክተሮች ቦርድ ላይ አገራቸውን ወክለው ተቀመጡ። የዓለም ባንክ እንዲቋቋም የተወሰነው በሐምሌ 1936 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሬተን ዉድስ በተባለ ስፍራ 44 አገሮች ባደረጉት ጉባኤ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በዚያ ከተገኙት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። በዚህ ባንክ ድምፅ የሚቈጠረው በሰው ቍጥር አይደለም፤ በአክሲዮን ልክ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች ለየራሳቸው ወንበር ሲኖራቸው የአፍሪካ አገሮች ግን ብዙ ሆነው አንዱን ወንበር ይጋራሉ። እንግዲህ ድምፁ ትንሽ የሆነ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዲሰማ ምን ያስፈልገዋል? መጮኽ አይጠቅመውም። የቀረበውን የሒሳብ ወረቀት ከሌሎቹ ይልቅ አጥብቆ ማንበብ ግን ይጠቅመዋል።

በዚህ ላይ የማስበውን ልናገር። አንድ ሰው መጀመሪያ በተበዳሪ ወገን ተቀምጦ በኋላ ወደ አበዳሪው ወገን ሲሻገር ሁለት ዓይን ያበጃል። በአንዱ የችግረኛውን አገር ችግር ያያል፤ በሁለተኛው አበዳሪው ለምን እንደሚፈራ ያውቃል። ከተበዳሪው ብቻ የሚቈም ሰው አበዳሪውን ክፉ ይለዋል፤ ከአበዳሪው ብቻ የሚቈም ሰው ተበዳሪውን ሰነፍ ይለዋል። ሁለቱን ያየ ሰው ግን «ይህ ገንዘብ ምን ይሠራል? ከምንስ ይከፈላል?» ብሎ ይጠይቃል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮች ሁሉ በመንግሥት ተወረሱ። አቶ ቡልቻ በዚህ ዘመን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ እያገለገሉ በውጭ አገር ብዙ ዓመት ኖሩ። አንዳንድ ወላጅ «ልጄን ሩቅ ብሰደው ለአገሩ ጠፍቶ ይቀራል» ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ ብዙዎች ሄደው ቀርተዋልና። ነገር ግን የእኒህን ሰው ቀጣይ ሥራ ስናይ ርቆ የሄደ ሁሉ ጠፍቷል እንዳንል ያደርገናል።

ሦስተኛው ወንበር የአዋሽ ኢንተርናሽናል ባንክ ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ኢትዮጵያውያን የግል ባንክ እንዲያቋቁሙ ሲፈቀድ አቶ ቡልቻ ከመሥራቾቹ ግንባር ቀደም ሆኑ። ባንኩ ኅዳር 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የካቲት 6 ቀን በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። ከደርግ በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ ይኸው ነው። ባለ አክሲዮኖቹ 486 ሰዎች፣ የተከፈለውም ካፒታል 24.2 ሚሊዮን ብር ነበረ። እስቲ እናካፍለው፤ በአማካይ ለአንድ ሰው 50 ሺህ ብር ያህል ይደርሰዋል። በዚያን ጊዜ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ግን በዚህ ገንዘብ ባንክ ሊከፍት ከቶ አይችልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይታያል። አቶ ቡልቻ ይህን ባንክ በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበረ። ሌላው ሰው ጡረታ ወጥቶ በሚያርፍበት ዕድሜ እርሳቸው አዲስ ሥራ ጀመሩ። ከዚያም በኋላ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመርጠዋል፤ የሕይወት ታሪካቸውንም በእንግሊዝኛ ጽፈው አሳትመዋል።

ካፒታሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ያልተገለጸላችሁ ወንድሞችና እኅቶች እንደሆናችሁ በምሳሌ ላስረዳ። አንድ የቡና ገበሬ 10 ሺህ ብር በባንክ አስቀመጠ እንበል። ባንኩ ከዚህ ገንዘብ ከፊሉን በሕግ በታዘዘው መጠን በብሔራዊ ባንክ ያኖራል፤ ለዕለት ጠያቂም ጥቂት በእጁ ያስቀራል፤ የቀረውን ለነጋዴ ያበድራል። ነጋዴው ከሚከፍለው ወለድ ገበሬው ድርሻውን ያገኛል፤ ሠራተኛው ደመወዙን ይቀበላል፤ የተረፈው ለባለ አክሲዮኖች ይሆናል። ነጋዴው ቢከስርና መክፈል ቢያቅተውስ? ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚያርፈው በባለ አክሲዮኖቹ ካፒታል ላይ ነው፤ የገበሬው ገንዘብ እንዳይነካ ግንብ የሚሆነው እርሱ ነው። ስለዚህ ነው ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የአንድ ባንክ ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ያዘዘው።

ከአባቶቻችን መካከል «ወለድ በሃይማኖታችን ክልክል ስለ ሆነ ባንክ አይመለከተንም» የሚሉ አሉ። ይህን በንቀት ማለፍ አይገባም። ብሔራዊ ባንክም ነገሩን አስቦበት ከ2004 ዓ.ም. መመሪያው ጀምሮ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ መንገድ ከፍቷል፤ በ2013 ዓ.ም.ም ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በዚህ ዓይነት ባንክ ገንዘቡ በሽያጭ ትርፍ ወይም በሽርክና ይሠራል እንጂ በወለድ አይሠራም። ሕግ የሕዝቡን እምነት አክብሮ ሊሠራ እንደሚችል ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የሌላውን ሰው ገንዘብ ሊይዝ የሚገባው ማን ነው? በሦስቱ ወንበሮች ላይ የሥራው ስም ይለያያል፤ ግዴታው ግን አንድ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ሹም ለሕዝብ፣ የዓለም ባንክ ዳይሬክተር ለወከሉት አገሮች፣ የባንክ ፕሬዚዳንት ለባለ አክሲዮኖችና ለአስቀማጮች ሒሳቡን ያስረዳል። ስለዚህ መልሴ እንዲህ ነው፤ ሳይጠየቅ ሒሳቡን የሚያቀርብ፣ ሲጠየቅም የማይቈጣ ሰው ነው። በአገራችን አንድ ክፉ ልማድ አለ። ገንዘብ የያዘን ሰው «ሒሳቡን አሳየን» ብንለው «ታምሙኛላችሁን?» ብሎ ይቀየማል። ሒሳብ መጠየቅ ግን ስድብ አይደለም። እንዲያውም ታማኙን ሰው ከሐሜት የሚያድነው እርሱ ነው። አደራን የሚጠብቀው የሰው ቅንነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕቁብ ጸሐፊ ባላስፈለገው ነበር።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ በቅርብ ቀን አገር አቀፉን ፈተና እንቀመጣለን። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንን ፈተና ከወሰዱት ከ100 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 4 እንኳ እንዳልሞሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን የምናገረው ላስፈራራችሁ አይደለም። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ጥቂት ቢሆን የቀረነው ምን እንሆናለን የሚለው ጥያቄ በየቤታችን ስላለ ነው። አቶ ቡልቻ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው የተሻገሩት በማዕረግ ሳይሆን በያዙት ሙያ ነው፤ ሒሳብ የሚያነብ ሰው በሚኒስቴርም፣ በወፍጮ ቤትም፣ በቡና ገበሬዎች ማኅበርም ይፈለጋል። ስለዚህ የሒሳብን ትምህርት ለፈተና ብቻ አንማረው።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ አገር ባንኮች በኢትዮጵያ እንዲሠሩ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። የአገራችን ባንክ በውጭ ሰው እጅ መጀመሩን ቀድሜ ተናግሬአለሁ። አሁን የሚመጡት ባንኮች የሚቀጥሩት ሰው ይፈልጋሉ። በማኦ፣ በኮሞ፣ በኦሮምኛ፣ በበርታና በዐረብኛ ከገበሬው ጋር ተነጋግሮ ብድሩን የሚያስረዳ ሰው ከየት ይመጣል? ከዚህ አዳራሽ ካልመጣ ከሌላ ስፍራ ሊመጣ አይችልም።

ወላጆቼ ሆይ፤ በየቤታችሁ የቡናን ገንዘብ የምትቈጥረው፣ የጨውና የሳሙናን ዋጋ የምታስበው እናት ናት። ቤትን በሒሳብ የምታስተዳድር እናት እያለችን ሴት ልጅ ሒሳብ አይገባትም ማለት አያምርም። ሴቶች ልጆቻችሁ በ8ኛ ክፍል ትምህርታቸውን እንዳይተዉ በዚህ በዓል ስም እለምናችኋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ልመና ለሁላችንም አቀርባለሁ። ዛሬ በዚህ በዓል ለቤተ መጻሕፍታችን ገንዘብ እየተዋጣ ነው። አንዳንዱ አባት 100 ብር፣ አንዳንዷም እናት የቡና ስኒዋን ሽጣ የሰጠች አለች። የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ተመካክረን የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ለሣጥኑ ሦስት ቍልፍ ይበጅለት፤ አንዱን ከመምህራን፣ አንዱን ከወላጆች፣ አንዱን ከተማሪዎች የተመረጠ ሰው ይያዝ። በየወሩ መጨረሻ የገባውና የወጣው በአንድ ወረቀት ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችም በሰንበት ቀን በገበያ አጠገብ በአፍ ይነበብላቸው። ይህን የምንጠይቀው ማንንም ጠርጥረን አይደለም። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን በሰው ገንዘብ ላይ መቀመጥ ማለት ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ በፊት በዓይናቸው እንዲያዩት ነው። ክቡር ዲሬክተራችን ይህን ቢፈቅዱልን የመጀመሪያውን ወረቀት ለመጻፍ እኛ ዝግጁ ነን።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።